በሰሜን ተራሮች በእንግድነት ያደርኩበት ቤት

ዛሬ እንደ ወትሮው ስለ አንድ በሽታ ዘርዝሬ አልጽፍም። በእንግድነት ስላደርኩበት ቤት ላጫውታችሁ ነው። መጨረሻው ግን ምክር ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እስከ ታች ድረስ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አብነት በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን አቅፋ መጣች። ሳል ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜው ነው። መረመርኩት፤ ደግነቱ የሳንባ ምች አልነበረም። እንደ ልማዴ ስለ ጭስ ልነግራት ስል ቀደመችኝ።

"ዶክተር፣ ከጭስ አርቂው እንዳይሉኝ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ወጥ የምሠራውም፣ ቡና የማፈላውም፣ ልጁ የሚተኛውም እዚያው ነው። ወዴት ላርቀው?"

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት መርካቶ አካባቢ አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአንዲት ጎጆ ቤት ውስጥ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ስናበቃ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ሁላችንም ዋልያን በሥዕል እንጂ በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር።

ገና ከመነሻው አንድ ስህተት ሠራሁ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ግን ቀን እንዳናባክን ብለን ጠዋት ከጎንደር ተነስተን፣ በደባርቅ አድርገን፣ ማታ ጨነቅ ላይ ድንኳን ተከልን። ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጣን ማለት ነው። ሌሊቱን ራሴን በመዶሻ እንደሚመቱኝ ሆኖ አደረ፤ የበላሁትንም አስመለሰኝ። ለታካሚ ቢሆን "በዝግታ ውጣ" ብዬ እመክራለሁ። ለራሴ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ከፍታ የለመድኩ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ እዚያው አርፈን ዋልን። ሲሻለኝ በሦስተኛው ቀን የቧሒትን በር ተሻግረን ወደ ማዶ ወረድን።

የበቅሎ ነጂያችን "ዛሬስ ድንኳን አትከሉም፤ አክስቴ ቤት ነው የምናድር" አለን። የመንደሩንና የቤተሰቡን ስም አልጠቅስም። በእንግድነት ያየሁትም ቢሆን የሰው ገመና ነው።

ደጃፉ ላይ ቆሞ "ቤቶች!" ሲል ከውስጥ "ቤት ለእንግዳ" የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ የሞቀ ውሃ በገበቴ አምጥታ እግራችንን ልታጥብ ተንበረከከች። እኔ አፈርኩና እግሬን ሰበሰብኩ። አያትየዋ ተቆጡኝ፦ "ተይ ልጄ፣ የእግዜር እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ አያድርም።" የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ፤ ጠላም ተቀዳ። መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎ፣ ቤት ካፈራው ጋቢ ሁሉ ደህናው ለእኛ ተሰጠን። ለራሳቸው ምን እንደተረፋቸው አላየሁም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ላሟና በጎቹ፣ መሐል ላይ ምድጃው፣ ግድግዳውን ተከትሎ መደቡ፣ ከላይ ደግሞ ልጆቹ የሚተኙበት ቆጥ አለ። መስኮት የለውም። የሚነደው ኩበት ነበር፤ ግማሹ እርጥብ ነው። ዓይኔ አለቀሰ። አያትየዋ ሳቁብኝ፦ "ዝቅ በይ ልጄ፤ ጭስ ሽቅብ ነው የሚወድ።" ዝቅ ብዬ ስቀመጥ እውነትም ቀለለኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ በሳል ድምፅ ነቃሁ። የአሥራ አራት ወር ሕፃን ናት። እናትየዋ ከቆጡ አውርዳ እያጠባቻት ነበር። ጡቱን ለቀቅ ስታደርግ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ፈጣን ነው። ተነስቼ ሄድኩና "ልያት?" አልኳት። ማዳመጫ የለኝም። የነበረኝ የስልኬ ሰዓት ብቻ ነው። ሕፃኗ ጋደም እስክትል ጠብቄ፣ ልብሷን ገልጬ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። 52 ጊዜ ተነፈሰች።

ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ የሚያስል ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ የሳንባ ምች ምልክት ነው። የደረቷ ታችኛው ክፍል ስትተነፍስ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ትጠባለች፤ አላስመለሳትም፤ ስትጠራ ዓይኗን ትገልጣለች። ስለዚህ ምች አለ፣ የከፋው ምልክት ግን ገና የለም።

"ስንት ቀኗ ነው?"

"ሦስት። ጉንፋን መስሎኝ።"

የዚያን ጊዜ በሐኪም አፌ የመጣልኝን ተናገርኩ፦ "ጭሱ ነው የሚያባብስባት። በሩን እንክፈተው፤ እሳቱንም እናጥፋው።"

ማንም አልመለሰልኝም። ቆይተው አያትየዋ በዝግታ "ልጄ፣ ብርዱስ?" አሉኝ። እናትየዋም ቀጠለች፦ "ጭሱ ያስለናል፤ ብርዱ ይገድለናል። ወዴት እናርቃት?"

ደጅ ውርጭ ነበር። ለታመመ ሕፃን ብርድ ራሱ አደጋ መሆኑን ማንም ሐኪም ያውቃል። ጭሱም ቢሆን ለእነሱ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የሣር ክዳኑን ከምስጥና ከብስባሽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ምክሬ ከመጽሐፍ የተቀዳ ትክክለኛ ምክር ነበር፤ ለዚያ ቤትና ለዚያ ሌሊት ግን አይሆንም። ዝም አልኩ። እርጥቡን ኩበት አውጥተን በደረቅ እንጨት ትንሽ እሳት አነደድን። እናትየዋም ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በጋቢ ሸፈነቻት።

አንዷ ጓደኛዬ ለጥርሷ ከታዘዘላት የተረፉ ሰባት የአሞክሳሲሊን እንክብሎች ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ። እናትየዋ አየቻቸው። "መድኃኒት አይደለም ወይ?" አለችኝ። ከዚያ ሌሊት ሁሉ የከበደኝ ይህ ጥያቄ ነው። እንክብሉ ለአዋቂ የተዘጋጀ ነው። በትክክል ከፋፍዬ የምለካበት ነገር የለኝም። ጀምሬ እኔ መንገድ ብቀጥል ደግሞ ማን ይከታተላታል? ተሽሏት ይሁን ብሶባት በሦስተኛው ቀን ማን ያያታል? ጤና ኬላው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ መሆኑን ባለቤቷ ነገረኝ። የአደጋ ምልክት ቢኖራት ኖሮ ውሳኔዬ ሌላ በሆነ ነበር። ስለሌላት "ሲነጋ አብረን እንሄዳለን" አልኩና እስኪነጋ ድረስ በየሰዓቱ እየቆጠርኩ አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጤና ኬላው ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ ቤት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሃያዎቹ ዕድሜ ያላለፈች፣ የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። ሐኪም መሆኔን አልነገርኳትም። የራሷን መቁጠሪያ ሰዓት አውጥታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፤ 54። ደረቷን አየች። ጡት ስትጠባም ተመለከተቻት። በውሃ የሚሟሟውን የአሞክሳሲሊን ኪኒን አመጣችና ራሷ አላሟሟችም፤ እናትየዋ እያየቻት እንድታሟሟ አደረገች። የመጀመሪያውን እዚያው አስዋጠቻት። "አምስት ቀን ሙሉ። ተሻላት ብለሽ እንዳታቋርጪ። በሦስተኛው ቀን ይዘሻት ነይ። መጥባት እንቢ ካለች፣ ደረቷ ከተሰረጎደ፣ ከፈዘዘች ግን ቀን አትጠብቂ" አለቻት። የክትባት ካርዷንም አይታ ለቀረባት ክትባት ቀጠሮ ያዘችላት።

ከዚያ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያልጠየቅኩትን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦

"የት ነው የምትተኛው?"

"ቆጥ ላይ።"

"ጭሱ የሚከማቸው እዚያ ነው። እስኪሻላት ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ ታች መደቡ ላይ ይዘሻት ተኚ። እንጀራ ስትጋግሪ ለታላቋ አሳዝያት፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ። ኩበቱን አድርቂው።"

እናትየዋ "እሺ፣ ይሄስ ይቻላል" አለች።

እኔ አያትየዋ "ጭስ ሽቅብ ነው የሚወድ" ሲሉኝ ሰምቼ፣ ራሴም ዝቅ ብዬ ተቀምጬ፣ ልጆቹ ከላይ እንደሚተኙ በዓይኔ አይቼ ሦስቱን ነገር አላገናኘሁትም። ኤክስቴንሽኗ እንዲህ ባለ ቤት ስላደገች አገናኘችው። ያቺ ልጅ ከእኔ ያነሰ ዓመት ነው የተማረችው፤ የምትመክረውን ቤት ግን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች።

እኛ ወደ ራስ ዳሸን ቀጥለን በሦስተኛው ቀን በዚያው ስንመለስ ሕፃኗ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቂጣ ታኝካለች። ቆጠርኩ፤ 34። አያትየዋ ነፋስ በማይመታው በኩል ከጣሪያው ሥር የግድግዳውን ጭቃ ትንሽ ሸንቁረው ጭሱ እንዲወጣ አድርገዋል። "አንቺ ነሽ በሩን ክፈቱ ያልሽ፤ እኔ ጥቂት ከፈትኩልሽ" አሉኝ።

ስመለስ አንድ የማውቀውን ጥናት እንደገና አነበብኩ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በእነዚሁ ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። የነዋሪዎቹ ደም የተሸከመው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ቢሆን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም። በአንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች ግን ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ነው። የእኛ ደጋ ሰዎች አካል ለዘመናት ከፍታውን በራሱ መንገድ ለምዶታል። ጭስን የሚለምድ ሳንባ ግን የትም የለም፤ ሰሜንም፣ አብነትም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ከእነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ አንድ ልማድ ቀይሬአለሁ። ከመምከሬ በፊት እጠይቃለሁ። ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ምድጃው የት ነው? ልጁ የት ይተኛል? ምግብ ሲሠራ ማን ይይዘዋል? እናንተም ሐኪም ሲመክራችሁ የማይቻል ነገር ከሆነ "እሺ" ብላችሁ አትውጡ። "ይሄ በእኛ ቤት አይሆንም" በሉን። ያን ጊዜ የሚሆነውን አብረን እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ምክሩ ልምጣ።

የልጃችሁን ትንፋሽ እንዴት ትቆጥራላችሁ?

ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሆዱ ወይም ደረቱ ከፍ ያለበትን እያንዳንዱን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ፈጣን የሚባለው፦
• ከ2 ወር በታች፦ 60 እና ከዚያ በላይ
• ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 እና ከዚያ በላይ
• ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ

ከዚህ ከበለጠ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ከ2 ወር በታች ከሆነ ግን ሰዓትም አትጠብቁ። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካልቻለ፣ የሚወስደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

አንድ ክፍል ቤት ላላችሁ፦
• ከሰል ደጅ አቀጣጥላችሁ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገቡት። ነገር ግን ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። የፋመ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ በር ወይም መስኮት ክፍት ይሁን። ለሙቀት ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ ፈጽሞ አትተኙ።
• እሳት ሲቀጣጠልና እንጀራ ሲጋገር ልጁ ከቤት ውጭ፣ በጎረቤት ወይም በታላቁ እጅ ይሁን። በጀርባችሁ አዝላችሁ ምድጃ ላይ አትጎንበሱ።
• ማገዶው ደረቅ ይሁን። ምርጥ ምድጃና ላቀች ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ጭሱን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀሩም።
• ቡና ስታፈሉ ዕጣኑ ከሕፃኑ ይራቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደጅ ይውጣ።
• የሳንባ ምችን ከሚያመጡ ተህዋስያን የሚከላከሉት ክትባቶች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣሉ። አንዱም አይቅር።

ወደ ደጋ ሄዳችሁ በሰው ቤት ለማደር ለምታስቡ፦

በሰሜን ተራሮች፣ በላስታና በመቄት፣ በመንዝ ጓሳ እንዲህ ያለ እንግድነት አለ። መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከዚያ፦
• ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ እስኪለቅ ድረስ ወደ ላይ አትቀጥሉ። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም አርፎ ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ውረዱ።
• ሕፃን ራሴን አመመኝ አይልም። መነጫነጭ፣ አለመብላትና አለመተኛት የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ወይም የልብና የሳንባ ሕመምተኛ ከሆናችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።
• ውሃ በ3,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ፀሐዩም ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ባርኔጣ ያዙ።
• ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዛችሁ የት እንዳደራችሁ ለሐኪም ንገሩ። በቅማል የሚተላለፉ የተስቦና የግርሻ በሽታዎች እንዳሉ አይረሳም።
• የተረፈ መድኃኒት ለአስተናጋጆቻችሁ አትስጡ። ጤና ኬላው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከቻላችሁ አብራችሁ ሂዱ። ለመኝታና ለምግብ ተገቢውን ክፈሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

የአብነቷ እናት ጋ ልመለስ። በዚያ ቀን ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቢሆንም ቤቷን በቃል አሳየችኝ። ግቢው የጋራ ነው፤ ከበሩ ጎን ቆርቆሮ የተጣለባት ትንሽ ጥላ አለች። አልጋው ከምድጃው ሁለት እርምጃ ነው። ከመስኮቱ በታች ቁም ሳጥን ስለቆመ መስኮቱ ከተከፈተ ዓመት አልፎታል። ተነጋግረን ሦስት ነገር ተስማማን። ከሰሉ ከጥላው ሥር ይቀጣጠላል። እሷ ወጥ ስትሠራ ልጁን ጎረቤቷ ይይዙላታል፤ እሷም የእሳቸውን ውሃ ትቀዳላቸዋለች። ቁም ሳጥኑ ደግሞ ቦታ ይለውጣል።

ትናንት ለክትትል መጥታ ነበር። ሳሉ ቀንሷል፤ ገና ጨርሶ አልጠፋም። "ቁም ሳጥኑስ?" አልኳት።

"እሑድ ባለቤቴ ያነሳዋል፤ ከባድ ነው" አለች።

እሑድን እየጠበቅን ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ ምርመራን አይተካም። ትንፋሽ የመቁጠሩን ክፍል ትንሽ ልጅ ላላቸው ዘመድ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። በእናንተ ቤት የሚቻለውንና የማይቻለውን ደግሞ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።